ከዱከም እስከ መተሃራ የተሳለ ሳል

አዳማ ውስጥ አክታ አይቶ በመፍረድ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። እኔና ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥዬ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ ዱከም እያልኩ ስጮህ ኖርኩ። ጉልበቴ አልታጠፍም ሲለኝ አንድ ጤና ጣቢያ ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሩን እየጠበቅሁ ዓይኔ ግን ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ይሸሻል። አንድ ቀን ናሙና ተቀባዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና "ሰው እስኪመጣ ድረስ አንተ ተቀበል" ተባልኩ። ሰው እስኪመጣ የተባለው ይኸው ሰባት ዓመት ሞላው። የእኔን አሠራር ያየ ሰው በምን ድፍረት ይመጣል?

ሥራው ለሚሰማ ሰው ቀላል ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ሐኪሙ ጋ ይቀርባል፤ ሐኪሙ ቲቢ ይሆናል ብሎ ከጠረጠረ ወደ እኔ መስኮት ይልከዋል። እኔ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ እሰጠዋለሁ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ሰው የሌለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ሄዶ አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል፣ አየር በደንብ ይስባል፣ ከደረቱ ስሎ ያመጣውን እዚያች ዕቃ ውስጥ ይተፋል። ከድኖ ያመጣልኛል። አየዋለሁ። ከደረት የመጣ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ከምላስ ሥር የተለቀመ ምራቅ ከሆነ አዲስ ዕቃ ሰጥቼ እመልሰዋለሁ።

ለምን ትመልሳለህ የሚሉኝ አሉ። ማሽኑ የሚፈልገው የተሰጠው ነገር ውስጥ ነው። ምራቅ ከሰጠኸው ምራቁን መርምሮ "ምንም የለም" ይልሃል፤ አንተም ደስ ብሎህ በሽታህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። ምራቅ ሰጥቶ ሳንባዬን መርምሩልኝ ማለት፣ ኮፍያን ወደ ጸጉር ቤት ልኮ ራስ ቤት እንደ መቅረት ነው።

ምግብ ላይ ያላችሁ ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት። ለአክታ ደረጃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ውኃ፣ አረፋ፣ ሙጫ። ውኃው ምራቅ ነው፣ ይመለሳል። አረፋው ደግሞ ምራቅ ሆኖ የተጨነቀ ነው፣ እሱም ይመለሳል። ሙጫው ነው ጌታው። ሙጫ ማለት ዕቃዋን ዘንበል ስታደርጋት የማይቸኩል ነው። ወፈር ይላል፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይመታል፣ አንዳንዴ የደም ክር ይኖረዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ባለሙያ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በዕውቀት ግን ትበልጠኛለች፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ በዓይኔ እገምታለሁ፣ እሷ በሙያዋ ታረጋግጣለች። ዓመት ሳይሞላ አንድም አልሳትኩም ማለት ይቻላል። ይቻላል ያልኩት እሷ ይህን ካነበበች ብዬ ነው።

መስኮቴ ላይ ያላየሁት የለም። ጫት ቅሞ መጥቶ ለምለም ሣር የሚመስል ያስረከበኝ ሾፌር አለ። "ዛሬ ቆርቤያለሁ፣ ከቆረብኩ አልተፋም" ብለው ዕቃዋን በሁለት እጃቸው የመለሱልኝ እናት አሉ፤ በነጋታው መጥተው ሰጡኝ። ከአርሲ በኩል የመጡ አንድ ገበሬ ደግሞ "አካም ቡልታን" ብዬ ሰላም ስላቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ ዕቃዋን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። ስጦታ መስሏቸው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን የማልረሳቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው የመጡት። ሙሉ ኮት፣ ኮፍያ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ የታጠፈ መሐረብ፣ አፋቸው ላይ ማስክ። የአዳማ ነፋስ የሁላችንንም ልብስ አቧራ አልብሶ ሳለ የእሳቸው ጫማ ያበራል። ወር ሙሉ አስሏቸዋል። ዕቃዋን ሰጠሁ፣ አስረዳሁ፣ "ገብቶኛል" ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ዕቃዋን በመሐረብ ጠቅልለው ነው ያቀረቡልኝ። ገልጬ አየሁ። በእሷ ውስጥ አሻግሮ ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል።

"አባባ፣ ይሄ ምራቅ ነው" አልኳቸው።

"አዎ፣ ንጹሕ ነው።"

"ወፍራም አልመጣልዎትም?"

"መጣ እንጂ። እሱን ጣልኩት።"

"ጣሉት?"

"ታዲያ ያንን አስቀያሚ ነገር ይዤ ሰው ፊት ልቅረብ? አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጬ ጥሩውን መርጬ ነው ያመጣሁልህ።"

ሳቄን ዋጥኩት። አክብረውኝ ነዋ። ሰው ቤት ሲሄዱ ጫማ እንደሚጠረግ፣ እሳቸውም ምራቃቸውን ጠርገው ነው የመጡት። የጣሉት ሙጫውን ነው፣ ያመጡልኝ ውኃውን። ይህን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

"ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጥሬያለሁ" አሉ። "ትኬቱ የተበላሸበትን መንገደኛ አስወርጃለሁ። እኔ ራሴ በምራቅ ስወርድ ግን የመጀመሪያዬ ነው።"

"እኔም ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ።"

"በየት በኩል?"

"ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ።"

"አንተ ነሃ መንገደኛዬን ስትሰርቀኝ የነበርከው።"

"አባባ፣ ባቡርዎ ሞጆ እስኪደርስ እኔ አዳማ ደርሼ ምሳ በልቼ እመለስ ነበር። ሰረቅሁ አይባልም፣ አዳንኳቸው እንጂ።"

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በመሐረባቸው አፈኑት። ሲጨርሱ ቀልዱ ፊታቸው ላይ አልነበረም።

"ስማኝ ልጄ" አሉኝ። "ልጄ ወልዳለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው፣ አሁን ለወሊድ ወጥታ እኛ ቤት ናት። ሴት ልጅ ናት፣ አሥራ ስድስት ቀኗ ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ የምታቀፋት እኔ ነኝ ብዬ ገና ሳትወለድ ነው የተናገርኩት። ሳሉ ሲብስብኝ ልጄ 'አባዬ፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አትነካትም' አለችኝ።"

"ልክ ናት።"

"ልክ መሆኗን እኔ መች አጣሁት። ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ነው የማድረው። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ታሳየኛለች። እንደ ፎቶ ነው የማያት። እስካሁን ሽታዋን አላውቀውም።"

እኔ አራት ልጆች አሳድጌያለሁ። የጨቅላ አናት ምን ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኚህን ሰውዬ ሰማንያኛው ቀን ላይ ልጅቷን ካላሳቀፍኳቸው ከዚህ መስኮት ልውረድ አልኩ፣ በሆዴ። አፌ ግን የለመደበትን አለ፤ "ሐሳብ አይግባዎት፣ አዋቂው እጅ ላይ ነው የወደቁት።"

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ወረፋው ረጅም ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲበዛ ነገር ይብስብኛል። ሽማግሌው ከጓሮ ዕቃዋን ይዘው ብቅ ሲሉ ገና ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው አየኋት። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ዘንበል ሲል የማይቸኩል። "ሙጫ" አልኩ፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ። "ከሩቅ ማወቅ ማለት እንዲህ ነው። አባባ፣ አለቀ፣ ቤትዎ ይሂዱ።" ክዳኗን ጠበቅ አድርጌ ስማቸውን አረጋግጬ ወደ ውስጥ አሳለፍኳት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባለሙያዋ ጓንቷንና ማስኳን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሽዬ፣ ይሄን ሙጫ ያልከውን ከሥሩ አይተኸዋል?"

"ከሦስት እርምጃ ነው ያወቅሁት።"

"ለዛ ነው። ና ቀረብ በል። ከሥሩ የዘቀጠው ምንድን ነው?"

ቀረብ አልኩ። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ዘቅጧል። አሥራ ስምንት ዓመት ሳላፍር የኖርኩ ሰው ጆሮዬ ጋለ።

"አብሽ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አብሽ በማር" አለች። "ደረጃው ስንተኛ ነው?"

ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። "እና በባዶ ሆዱ ልስደደው?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ እንደ መቆጣት አለ። "ደረቱን ያለዝብለት ብዬ አብሽ በማር መትቼ አጠጥቼው ነው የወጣው። መንገድ ላይም እንዲጎነጭ በጠርሙስ አስይዤዋለሁ።" ሽማግሌው ከማሳላቸው በፊት ከጠርሙሱ ጎንጨት ብለዋል፣ አፋቸውንም ሳይጉመጠመጡ ተፍተዋል። ደረታቸው ለዝቦ ይሆናል፤ ዕቃዋ ውስጥ የገባው ግን ቁርሳቸው ነው። ጥፋቱ ግን የአብሹ አይደለም። ቀረብ ብዬ ዕቃዋን ከሥሯ ቀና አድርጌ ባያት ኖሮ እዚያው አውቄ እዚያው ሌላ አስተፋቸው ነበር። ሰው ፊት ስኮራ አለቀ ብዬ ወደ ቤት ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ድካም ጥሏቸው ከአልጋ አልተነሡም። ዓርብ ደግሞ የማሽኑ ክፍል መብራት ጠፍቶ ዋለ። ቅዳሜና እሑድ አለፈ። እሑድ ማታ ራሴ ደወልኩላቸው።

"ልጄ፣ ተወው መሰለኝ" አሉ። "ደረቴ አልሰጥም ብሎ ነው። ከሩቅ እያየኋት እኖራለሁ። እሷም ደህና ናት፣ እኔም ተለማመድኩት።"

አልወደድኩትም። ቀልድ ሲያጡ ነው ሰዎች እንዲህ የሚናገሩት።

"ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ" አልኳቸው። "እትዬን ስልኩ ላይ ያምጡልኝ።" እትዬ መጡ። "እትዬ፣ ነገ ውኃ ብቻ። አብሽ የለም፣ ማር የለም፣ ጠርሙስ የለም።"

"ሰው በባዶ ሆዱ ከቤት ሲወጣ ጎረቤት ምን ይለኛል?"

"ተመልሰው ይበላሉ። እኔን ያሙ፣ ጎረቤትም እኔን ይማ።"

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ኮቱ ያው፣ ኮፍያው ያው፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ከጓሮ ካለው ግራር ሥር አቆምኳቸው፤ እኔ ማስኬን አጥብቄ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አዳማ ነፋስ አይጎድላትም፤ ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ከተማ የለም። አፋቸውን ተጉመጠመጡ። አየር ሳቡ። ሳሉ። ደረቅ ነው። እንደገና። ምንም። አሥር ደቂቃ ሙሉ ከጉሮሮ የማይወርድ ሳል ብቻ። የሚስሉት እንደ ጨዋ ሰው ነው፣ እንግዳ እንዳይቀሰቀስ እንደሚጠነቀቅ። እንደዚያ ተስሎ ከደረት ምንም አይመጣም።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ለእኔ ነው የሚመጣው፣ ለሌላ ሰው አይመጣም።

"አባባ፣ ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ምን ያደርጉ ነበር?"

"የጣቢያውን ስም እጠራለሁ።"

"እንዴት አድርገው?"

"ከሆድ ነዋ። የሞተሩን ጩኸት አልፎ የመጨረሻው ፉርጎ ድረስ መሰማት አለበት። ከጉሮሮ ከጠራህ ሞጆ ሳትደርስ ድምፅህ ያልቃል።"

"እስኪ ይጥሩልኝ።"

"እዚህ?"

"እዚህ። እኔ በሚኒባስ እከተልዎታለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን።"

ይህቺ ነካቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ሆዳቸው ሲነፋ በኮቱ ላይ አየሁት።

"ዱ — ከም።"

ይህን የመሰለ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ሰውዬ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል።

"ዱከም ዱከም ዱከም፣ አንድ ሰው የቀረው" አልኩ እኔ።

"ቢሾ — ፍቱ።"

"ቢሾፍቱ በሐይቁ፣ ግቡ ግቡ።"

"አንተ ገና ሰው እየጫንክ ነው" አሉኝ። "እኔ ሄድኩ። ሞ — ጆ።"

ሞጆ ላይ ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮራኮረ። ወረፋ የነበረው ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። አንዲት ሴት "ምን እየሆኑ ነው?" ስትል ከኋላዋ ያለው "ዝም በይ፣ አዳማ ሊገቡ ነው" አላት። አዳማን ጠሩ። አሳላቸው፤ ግን አልቆሙም፣ ከኋላቸው የምከተለው እኔ ነኛ። ወለንጪቲን ሲጠሩ ጎንበስ አሉ። ሳሉ አሁን ከጉሮሮ አይደለም፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነው። ቀና ብለው የመጨረሻ አየራቸውን ሳቡና "መተ — ሃራ" አሉ፤ ሙጫው መተሃራ ላይ ደረሰ። ዕቃዋን አነሡ፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ተፉ፣ ከደኑ።

ሲያቀብሉኝ ፊታቸውን አዙረው ነው። "ይቅርታ አድርግልኝ" አሉ። "በጣም አስቀያሚ ነው።"

በጓንት ተቀብዬ አሁን ከላይ አየሁ፣ ከጎን አየሁ፣ ከሥሯ ቀና አድርጌ አየሁ። ዱቄት የለም፣ አረፋ የለም። ዘንበል አደረግኋት፤ አልቸኮለም።

"አባባ" አልኩ፣ "ሰባት ዓመት መስኮት ላይ ስቀመጥ እንደዚህ የሚያምር አላየሁም።"

ለባለሙያዋ ሳቀብላት አፌን ዘጋሁ። ሙጫም አላልኩ። እሷ እንደ እኔው ከሥሯ አየቻትና "ይሄስ አንደኛ ነው" አለች። ከእሷ አፍ ያን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከወረፋው ያጨበጨበ ሰው አለ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም እጅ ነሣሁ።

ውጤቱ በማግስቱ ወጣ። ቲቢ ነው፤ ግን በመደበኛው መድኃኒት የሚድን ዓይነት። ሽማግሌው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልጅቷስ?" ነርሷ ልጃቸውንና ሕፃኗን በዚያው ሳምንት አስጠርታ መረመረቻቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ለሕፃኗ እንዳይዛት መከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። ያ ውኃ የመሰለ ምራቅ ተቀባይነት አግኝቶ "የለም" ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሽማግሌው በደስታ ሄደው ሕፃኗን ያቅፉ ነበር። እና ስመልሳችሁ ፊታችሁ የሚጠቁር ደንበኞቼ፣ ለዚህ ነው የምመልሳችሁ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ክኒናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በመስኮቴ በኩል ያልፋሉ።

"ዛሬ የት ደረሱ አባባ?"

"ገና ዱከም ነኝ" ይሉኝ ነበር በመጀመሪያው ሳምንት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቢሾፍቱ ገቡ። የምግብ ፍላጎታቸው ሲመለስ ሞጆ። አንድ ጠዋት የኮታቸው ቁልፍ አልዘጋ አለ፤ "አዳማ ገብቻለሁ፣ ባለቤቴን ውቀስ" አሉኝ። ነርሷ እየተሻላቸው እንደሆነ ነግራቸዋለች፤ ልጃቸው ግን "ወረቀቱን በዓይኔ ካላየሁ" ብላ ድርቅ አለች። የአባቷ ልጅ ናት፤ ትኬት ሳታይ አታሳፍርም።

ወረቀቱ የሚገኘው በሁለተኛው ወር ከሚደረገው ምርመራ ነው። ያ ቀን ክርስትናው አራት ቀን ሲቀረው ዋለ። ግራሩ ሥር ቆሙ፣ ኮፍያቸውን ሰቀሉ፣ ጀመሩ። ዱከም፣ ምንም። ሞጆ፣ ምንም። መተሃራ አለፉ፣ አዋሽን ተሻገሩ፣ ድሬዳዋ ድረስ ጠሩ። ድምፃቸው እንደ ደወል ጠርቷል፤ ዕቃዋ ውስጥ ግን ያለው ያው የመጀመሪያ ቀን ያመጡልኝ ነው። ጋዜጣ የሚያስነብብ ውኃ።

"ልትመልሰኝ ነው?" አሉ። አራት ቀን ነው የቀራቸው።

እኔም ጨነቀኝ። በሕጌ ውኃ ይመለሳል። ባለሙያዋን ጠራኋት።

"ከዚህ የተሻለ አልመጣም?" አለችኝ።

"እህቴ፣ ድሬዳዋ ደርሰናል። ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ነው፣ ፓስፖርት ይጠይቃል።"

ሳቀች። "ጋሽዬ፣ የዳነ ሰው ከየት ያምጣ? በሕክምና ላይ ላለ ሰው ሌላ ከሌለው ይሄንንም አያለሁ። አምጣው።" ሰባት ዓመት ሙሉ ውኃ ስመልስ፣ ውኃ እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ውጤቱ ሲወጣ ምንም አልተገኘበትም። ሐኪሙም ፈቀደ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ከመሐረቡ ጎን።

ክርስትናው ላይ እኔና ባለሙያዋ ተጠርተን ሄድን። ሽማግሌው ነጭ ጋቢ በኮታቸው ላይ ደርበው፣ ሕፃኗን ታቅፈው ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄዱ። ሰው ልቀበልዎት ሲላቸው አይሰሙም። በየመንገዱ እየቆሙ አናቷን ያሸታሉ። ስንመለስ ግቢው ውስጥ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ትከሻቸው ላይ ሲያስተኟት ልጅቷ አንዴ እምም አለችና በዚያ ሁልጊዜ ንጹሕ በሆነ ኮት ላይ ለቀቀችው።

ሽማግሌው ትከሻቸውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ባለሙያዋም እኔን አየች። ቀረብ ብዬ ኮቱ ላይ ያለውን ከላይም ከጎንም አየሁት፤ ከሦስት እርምጃ መፍረድ ትቻለሁ።

"ወተት ነው" አልኩ። "ንጹሕ ነው፣ መጠኑም በቂ ነው።"

"ትመልሰዋለህ?" አሉኝ።

"ይህንንስ ተቀብያለሁ።"

መሐረባቸውን አወጡ። ትከሻቸውን ሊጠርጉ መስሎኝ ነበር፤ የልጅቷን አፍ ብቻ ጠርገው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ኮቱ እንደዚያው ዋለ።